የተሰረዘ ዕዳ መጠኑ ይታወቃል፦ «ይቅርታ የተሸናፊ ቋንቋ ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ክርስቲያኖች ለስድብና ለሚያቆስል ቃል ስለሚሰጡት መልስ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ በቅርቡ አንብቤ ለቀናት ከአእምሮዬ ሳይወጣ ቆየ። የጽሑፉ ፍሬ ነገር ባጭሩ ይህ ነው፦ በቃል የቆሰለን ሰው ይቅር በል ማለት ዝም በል ማለት ነው፤ የተወጋ ስለማይረሳ ይቅር ብያለሁ የሚል ሁሉ ራሱን ያታልላል፤ ስድብን በስድብ መመለስ ክብርን ማስጠበቅ ነው፤ ይቅርታ ላልጠየቀ ሰው ይቅር ማለት ፍትሕን ማርከስ ነው፤ የእምነት ቤቶችም ይህን ትምህርት የተጎዱትን አፍ ለማዘጋት ተጠቅመውበታል፤ የሰደበን መመረቅ ደግሞ ለይቶለት ግብዝነት ነው። ጸሐፊው ይህን የጻፉት በቁጭት ነው፤ ቁጭታቸውም ከእውነተኛ ቁስል የመነጨ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ምላሼ ለመርታት ብቻ የተጻፈ ተደርጎ እንዳይወሰድብኝ እለምናለሁ። ከስድስቱ አንዱን ነጥብ ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ በቀሩት ላይ ግን የምለው አለኝ።

ጸሐፊው ይቅርታን ከዝምታ ጋር አንድ ያደረጉት በማቴዎስ ወንጌል 5፥39 ላይ ተመርኩዘው ነው፤ ቀኝ ጉንጭህን ለሚመታህ ሁለተኛውን አዙርለት በሚለው ቃል። ጥቅሱ ስለ ስድብ የሚናገር መሆኑን አልክድም፤ እንዲያውም እርሳቸው ከገመቱት በላይ ስለ ስድብ ይናገራል። በቀኝ እጁ የሚማታ ሰው ፊት ለፊቱ የቆመን ሰው ቀኝ ጉንጭ ለመምታት የእጁን ጀርባ መጠቀም ይኖርበታል፤ በእጅ ጀርባ መምታት ደግሞ ከሕመሙ ይልቅ ውርደቱ የሚበልጥ ምት ነበር። ሚሽና የተባለው ጥንታዊ የአይሁድ የሕግ ስብስብ ባልንጀራውን በጥፊ የመታ 200 ዙዝ (የዘመኑ የብር ገንዘብ) እንዲከፍል፣ በእጁ ጀርባ የመታ ግን እጥፉን ማለትም 400 ዙዝ እንዲከፍል ይደነግጋል። በእጅ ጀርባ የተመታ ሰው አጥንቱ እጥፍ አይታመምም፤ እጥፍ የሚሆነው ማፈሩ ነው። ጌታ ይህን ምት ለይቶ ሲጠቅስ የሚናገረው ሰው በአደባባይ ሲዋረድ ምን ያድርግ ስለሚለው ጥያቄ ነው። በዚያው ምዕራፍ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ በቁጥር 22 ላይ፣ ወንድሙን «ጨርቃም» የሚል ሰው የሸንጎ ፍርድ እንደሚገባው ተናግሯል። አንዲትን የስድብ ቃል ወደ ሸንጎ ያቀረበ መምህር፣ ስድብ ቀላል ነገር ነውና ዋጡት ብሎ አስተምሯል ለማለት አይቻልም።

የትምህርቱን ትርጉም ከመምህሩ አኗኗር መረዳት ደግሞ የተሻለ ነው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ላይ በሊቀ ካህናቱ ፊት ሲጠየቅ አጠገቡ ከቆሙት ሎሌዎች አንዱ «ለሊቀ ካህናቱ እንዲህ ትመልሳለህን?» ብሎ በጥፊ መታው። እርሱም «ክፉ ተናግሬ እንደ ሆንሁ ስለ ክፉ መስክር፤ መልካም ተናግሬ እንደ ሆንሁ ግን ስለ ምን ትመታኛለህ?» አለው። መልሶ መታው? አልመታውም። ዝም አለ? ዝምም አላለም። የመታውን ሰው በስሙ አላዋረደውም፣ አልረገመውም፤ ነገር ግን ጥፊው ትክክል እንደ ሆነ ተቆጥሮ እንዲያልፍም አልፈቀደም፤ ማስረጃ ጠየቀው። በሄሮድስ ፊት ሲቀርብ ግን፣ ሉቃስ 23፥9 እንደሚነግረን፣ በብዙ ቃል ቢጠየቅም አንዳች አልመለሰም። ዝምታውን የመረጠው እርሱ ራሱ ነው እንጂ ማንም አልጫነበትም፤ ጸሐፊው የሚጠሉት ዝምታ የተጫነውን ከሆነ እኔም አብሬያቸው እጠላዋለሁ።

ስለ ዝምታ ከራሴ ሕይወት አንድ ነገር ልናገር። ከእናቴ ቀብር በተመለስንበት ማታ፣ ታላቅ እህቴ ሰው በተሰበሰበበት «አንተ የመጣኸው ለቀብሯ ነው፤ ለእሷማ መቼ መጣህ?» አለችኝ። እናታችንን ስምንት ወር ያስታመመቻት እሷ ነበረች። ያን ሌሊት በስልኬ ላይ ረዥም መልእክት ጽፌ አጠፋሁ፤ እንደገና ጽፌ እንደገና አጠፋሁ፤ ሦስተኛው ከልጅነታችን ጀምሮ የማውቀውን ድክመቷን ሁሉ በተራ የዘረዘረ ስለ ነበር ሁለት ጊዜ በእርካታ አነበብኩት። እሱንም አጠፋሁት። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ዝም አልኩ፤ ዘመዶቻችንም ትዕግሥቴን አመሰገኑ። እኔ ግን ምን እያደረግኩ እንደ ነበር አውቃለሁ፤ ስትደውል ቶሎ አላነሳም፣ ካነሳሁም ከ«እሺ» እና ከ«ደህና» ያለፈ ቃል አይወጣኝም ነበር። ያ ዝምታ ድምፅ የሌለው በቀል ነበር። ስለዚህ ጸሐፊው ዝምታ ይቅርታ አይደለም ሲሉ እኔ ራሴ ምስክር ሆኜ እቆምላቸዋለሁ፤ የተሳሳቱት ክርስትና ዝምታን አዝዟል በማለታቸው ነው። የማቴዎስ 18፥15 ትእዛዝ «ሄደህ አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው» የሚል ነው። ሰው ሳይሰማ ሄዶ መውቀስ አደባባይ ላይ ከመሳደብም ቤት ተቀምጦ ከማኩረፍም ይከብዳል።

ሁለተኛው ነጥባቸው «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» በሚለው አባባል ላይ የቆመ ነው። አባባሉ እውነት ነው፤ ከእውነቱ ያወጡት መደምደሚያ ግን አይከተልም። ይቅርታ መርሳት ቢሆን ኖሮ የሚረሱ ሰዎች ሁሉ ይቅር ባዮች በተባሉ ነበር። የገዛ ቋንቋችን ቃሉን የሠራው «ቀረ» ከሚለው ግስ ነው፤ «ይቅር» ስንል ሊከፈል ይገባ የነበረው ይቅር ማለታችን ነው። በአዲስ ኪዳን ለይቅርታ የሚውለው «አፊዬሚ» የተባለው የግሪክ ግስም ትርጉሙ መተው፣ መልቀቅ ነው፤ ዕዳ ለመሰረዝም ያገለግላል። ዕዳ የሚሰርዝ አበዳሪ ደግሞ ስንት እንዳበደረ ያውቃል፤ ካላወቀማ ምኑን ይሰርዛል? ዮሴፍ የበኩር ልጁን ምናሴ ያለው እግዚአብሔር መከራዬን አስረሳኝ ብሎ ነበር፤ ወንድሞቹ ግን እህል ሊሸምቱ ፊቱ በቆሙ ጊዜ ሁሉም ነገር ተመለሰበት፤ በመጨረሻም ይቅር ሲላቸው «እናንተ ክፉ ነገርን አሰባችሁብኝ» የሚለውን አልሸሸገም። ክፋቱን በስሙ ጠርቶ ነው በቀሉን የተወው።

መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ነገር ላይ ከጸሐፊው ይልቅ ጨካኝ ምሳሌ አለው፤ እርሳቸው ባይጠቅሱትም እኔ እጠቅሰዋለሁ፤ ምክንያቱም ከዚህ ታሪክ ሸሽቶ ስለ ይቅርታ መጻፍ ሐቀኝነት አይመስለኝም። ዳዊት ከልጁ ከአቤሴሎም ፊት ከኢየሩሳሌም ሲሸሽ የጌራ ልጅ ሳሚ በተራራው ጥግ አብሮት እየሄደ ይረግመው፣ ድንጋይም ይወረውርበት ነበር፤ አንተ የደም ሰው፣ የሳኦልን ቤት ደም እግዚአብሔር መለሰብህ ይለው ነበር። ከዳዊት ሰዎች አንዱ አቢሳ ልሂድና ራሱን ልቁረጠው ቢል ዳዊት ከለከለው፤ ይርገመኝ፣ እግዚአብሔር አዝዞት ይሆናል አለ። የሳሚ ክስ ሐሰት ነው፤ ዳዊት ሳኦልን ሁለት ጊዜ በእጁ አግኝቶ ምሮታል። ነገር ግን ሚስቱን ወስዶ ያስገደለው የኦርዮ ደም በእጁ ላይ ነበረ። ቃሉ የተወረወረው በተሳሳተ ክስ ቢሆንም ያረፈው እውነተኛ ቁስል ላይ ነው፤ ዳዊትም ይህን ያወቀ ይመስለኛል። ጸሐፊው ይህን ጎን ጨርሶ አልነኩትም። ብዙ ጊዜ አንጀት የሚበጥሰን ከእውነት ጋር የተሰፋው ቃል ነው እንጂ ሙሉ በሙሉ ሐሰት የሆነው አይደለም፤ የእህቴ ቃል እንደዚያ ነበር።

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። ዳዊት ወደ ዙፋኑ ሲመለስ ሳሚ ከእግሩ ሥር ወድቆ ይቅርታ ለመነ፤ ንጉሡም አትሞትም ብሎ ማለለት። በዓመታት ማለፍ፣ በሞት አልጋው ላይ፣ ያው ንጉሥ ልጁን ሰሎሞንን ጠርቶ ሽበቱን ከደም ጋር ወደ መቃብር አውርድ ብሎ አዘዘበት። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይባላል፤ የታፈነው ሳል በመጨረሻ ወጣ። ጸሐፊው ይህን ቢያነቡ «አላልኳችሁም?» ይሉ ይሆናል። እኔ ግን የማነበው ሌላ ነገር ነው፤ በመሐላ የተነገረ ይቅርታ እንኳ ካልታደሰ ሊሻግት ይችላል። ጴጥሮስ ወንድሜን ስንት ጊዜ ይቅር ልበለው ብሎ ሲጠይቅ የተሰጠው መልስ ሰባ ጊዜ ሰባት የሚል ነው፤ ሁላችንም የምንረዳው ሰውየው ደጋግሞ ቢበድል ብለን ነው። እኔ ከተሰደብኩባት ከዚያች ማታ ወዲህ ሌላም ነገር ተረድቼበታለሁ፤ አንዷ ስድብ ራሷ፣ ልብስ ሲታጠፍ ወይም መንገድ ላይ ሲሄዱ፣ ድንገት ትመለሳለች፤ በተመለሰች ቁጥርም ዕዳው እንደገና ይሰረዛል። የተወጋ አይረሳም፤ እውነት ነው፤ ስለማይረሳም ነው ይቅርታው የአንድ ቀን ሥራ ያልሆነው።

ስድብን በስድብ መመለስ ክብርን ያስጠብቃል በሚለው ነጥብ ላይ ብዙ አልቆይም። ሐዋርያው ጳውሎስ በሸንጎ ፊት አፉን እንዲመቱት ሲታዘዝ «አንተ በኖራ የተለሰነ ግድግዳ፣ እግዚአብሔር አንተን ይመታ ዘንድ አለው» ብሎ ተናግሯል፤ ቃሉ ስል ነበር፤ የተናገረውም ሕግን ለጣሰ ዳኛ ነው። ነገር ግን የተናገረው ለሊቀ ካህናቱ መሆኑን ሲነግሩት ባላውቅ ነው ብሎ፣ በሕዝብህ አለቃ ላይ ክፉ አትናገር የሚለውን ሕግ ራሱ ጠቅሶ ከቃሉ ተመለሰ። ያን ዕለት ክብሩን የጠበቀው ከቃሉ መመለሱ እንደ ሆነ አምናለሁ። የመልስ ስድብ ስለቱን የሚያገኘው ስለ ሰውየው ከምናውቀው ምስጢር ነው፤ እኔ በስልኬ ላይ የጻፍኩትን ሦስተኛ መልእክት ሊጽፍ የሚችለው አብሯት ያደገ ሰው ብቻ ነበር።

አራተኛው ነጥብ ከሁሉ የበረታው ነው፤ ጥቅሱም በጥንቃቄ ተመርጧል። ሉቃስ 17፥3 «ወንድምህ ቢበድልህ ገሥጸው፥ ቢጸጸትም ይቅር በለው» ይላል፤ እንግዲያስ ካልተጸጸተ? ጸሐፊው እንደሚሉት ግዴታ የለም። ይህን ሲሉ ሁለት ነገሮችን አቀላቅለዋል፤ ይቅርታንና ዕርቅን። ዕርቅ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ የበደለው ሳይጸጸት ዕርቅ ወረደ ማለት ውሸት ነው፤ ሉቃስም በዚህ ይደግፋቸዋል። ማርቆስ 11፥25 ግን ለጸሎት የቆመን ሰው በማንም ላይ አንዳች ቢኖርበት እዚያው እንደ ቆመ ይቅር እንዲል ያዝዛል፤ በዚያ ሰዓት የበደለው ሰው በስፍራው የለም፣ ምን እንደሚልም አይታወቅም። እስጢፋኖስ ይህን ኃጢአት አትቍጠርባቸው ብሎ ሲጮኽ ከወጋሪዎቹ አንድም የተጸጸተ አልነበረም፤ ድንጋዩ ገና በእጃቸው ነበር።

«ታዲያ ፍትሕስ?» ለሚለው ጥያቄ የማቴዎስ 18ን ምሳሌ በቁጥሩ ማንበብ ይረዳል። ንጉሡ ለአንዱ አገልጋይ የሰረዘለት ዕዳ 10,000 መክሊት ነው፤ መክሊት 6,000 ዲናር ያህል ስለ ነበር ዕዳው 60,000,000 ዲናር ይሆናል፤ ዲናር ደግሞ የአንድ ቀን የጉልበት ዋጋ ነው። ያው አገልጋይ ባልንጀራውን አንገቱን አንቆ የጠየቀው 100 ዲናር ነው። ሰባኪዎች ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን ዕዳ እንደ ኢምንት ያቀርቡታል፤ እኔ ይህ ስብከት ቁስለኞችን ያስቀይማል ብዬ አስባለሁ። መቶ ዲናር የመቶ ቀን ድካም ነው፤ ከሦስት ወር በላይ ጎንበስ ብሎ መሥራት ነው። ጌታ የደረሰብህ ነገር ምንም አይደለም አላለም፤ እውነተኛ ዕዳ ነው፣ ለአንተ ከተሰረዘልህ ጋር ሲቆም ግን 600,000 ጊዜ ያንሳል ነው ያለው። ፍትሕ የሚረክሰው ዕዳው የለም ሲባል ነው። ዕዳው አለ፤ የሰረዘውም ንጉሥ ኪሳራውን ራሱ ተሸክሟል።

እህቴ ዘንድ የሄድኩት ይህን አስቤ ነው። ብቻዋን አግኝቼ «ያልሽኝ ቃል አሞኛል፤ ግማሹ እውነት ስለ ሆነ ደግሞ የበለጠ አሞኛል» አልኳት። ለረዥም ጊዜ ዝም ብላ ቆይታ «ያልኩት ልክ ነው» አለች፤ ቀጥላም ወደ እኔ ሳታይ «ደክሞኝም ነበር» አለች። ይህ ይቅርታ መጠየቅ አይደለም፤ የጠበቅኩትም ዐረፍተ ነገር እስከ ዛሬ አልተነገረም። እኔ ግን ይቅር ልላት ሄጄ ይቅርታ ጠይቄ ነው የተመለስኩት፤ በስምንቱ ወራት ውስጥ እናቴን ያየኋት ሁለት ጊዜ ብቻ ነበርና። እሷ ቀድማ ትጸጸት ብዬ ቤቴ ብቀመጥ ኖሮ የራሴ ዕዳ እንዲሁ ተሸፍኖ ይቀር ነበር።

የእምነት ቤቶች የይቅርታን ትምህርት የተጎዱትን አፍ ለማዘጋት ተጠቅመውበታል የሚለውን ያለ ማንገራገር እቀበላለሁ። በየቀኑ በቃል የሚያዋርዳት ባል ያላትን ሴት «ታገሺ፣ ጸልዪ» ብሎ ወደ ቤቷ መመለስ፣ ሰውየውን ግን አንድ ቀን እንኳ ጠርቶ አለመገሠጽ፣ ከጌታ ትእዛዝ ግማሹን ቆርጦ መጣል ነው፤ ገሥጸው የሚለው ቃል ይቅር በለው ከሚለው ፊት ተጽፏል። ይቅር ማለት አብሮ መኖር ማለትም አይደለም። በ1 ሳሙኤል 26 ላይ ሳኦል ዳዊትን ልጄ ሆይ ተመለስ፣ ከእንግዲህ ክፉ አላደርግብህም ሲለው፣ ዳዊት የወሰደውን ጦር የሚቀበል ከብላቴኖቹ አንዱ ይምጣ አለ፤ ምዕራፉም ዳዊት መንገዱን ሄደ፣ ሳኦልም ወደ ስፍራው ተመለሰ ብሎ ይዘጋል። በቀሉን ትቷል፤ ወደዚያ ቤት ግን አልተመለሰም።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ሐናን ቢያስታውሱ ደስ ይለኝ ነበር። ልቧ ተሰብሮ በቤተ መቅደስ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ስትጸልይ ካህኑ ዔሊ እንደ ሰከረች ቆጥሮ ስካርሽ እስከ መቼ ነው አላት። በሐዘንዋ ላይ፣ በጸሎት ቦታ፣ ከካህን አፍ የወጣ ስድብ ነው። እሷም «አይደለም፥ ጌታዬ ሆይ» ብላ ጀመረች፤ የወይን ጠጅ እንዳልጠጣች፣ ልቧ ያዘነባት ሴት እንደ ሆነች ነገረችው፤ እንደ ምናምንቴ አትቍጠረኝ አለችው። አክብራዋለች፤ ሐሰቱን ግን አልዋጠችለትም። ዔሊ በደኅና ሂጂ ብሎ ሸኛት እንጂ ይቅርታ ሲጠይቃት አናነብም፤ ሆኖም ልጇ ሳሙኤል ጡት በተወ ጊዜ አምጥታ ያስረከበችው ለዚያው ሽማግሌ ነው። የሐናን ፈለግ የሚያስተምር ሰባኪ የተጎዳን ሰው አፍ አይዘጋም፤ ሐና ከመባረኳ በፊት ተናግራለችና።

የቀረው የሰደበንን መመረቅ ግብዝነት ነው የሚለው ነው። ግብዝነት የሚሆነው ምርቃት ማለት ማሞገስ ቢሆን ነበር። 1 ጴጥሮስ 3፥9 ስድብን በስድብ ሳትመልሱ ባርኩ ሲል የሰደበንን ሰው መልካም ነህ በሉት አላለም፤ መልካሙን ለምኑለት ነው ያለው። ሰው የማይወደውን ሰው መልካም ሊለምንለት ይችላል፤ ልቡ እስኪለዝብ መጠበቅም የለበትም። እኔ ለእህቴ መጸለይ የጀመርኩት ገና ስሟ አፌ ላይ ሲከብደኝ ነው፤ «ጌታ ሆይ፣ እህቴን ባርካት» ብዬ ለማለፍ ሞከርኩና ባዶ ሆነብኝ። ምን ይሰጣት ብሎ ለመለመን ምን እንደ ጎደላት ማሰብ ግድ ሆነ። ሳስብ ታየኝ፤ ስምንት ወር ሙሉ እናታችንን በሌሊት ለማገላበጥ በየሁለት ሰዓቱ ትነሣ ነበር፤ ቀብሩ ዕለት ዐይኖቿ ያበጡት በልቅሶ ብቻ አልነበረም። መጀመሪያ የለመንኩላት እንቅልፍ ነው።